ለደጋ ግቢ የሚስማማ ውሻ፦ የሀበሻ ውሻና ጀርመን ሸፐርድ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮሶዬ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ከደጋው ጫፍ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከገደሏ ሥር የአርማጭሆ ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። ነዋሪዋ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ እየዘራ በግና ከብት ያረባል፤ ቀን የጭላዳ መንጋ ከገደሉ እየወጣ ሰብሉን ይጋፋዋል፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ በደጃፉ ያልፋል፤ ስለዚህ ውሻ በዚህ አገር ሥራ ያለው እንስሳ ነው። ለብዙ ዘመን የውሻን ዓይነት መምረጥ የሚባል ጉዳይ አልነበረም፤ የጎረቤት ውሻ ስትወልድ አንድ ቡችላ ይለመናል፣ ቡችላውም ከቤቱ ልጆች ጋር ያድጋል፣ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ዛሬ ግን በአዲስ አበባና በጎንደር በታጠሩ ግቢዎች፣ በሆቴሎችና በመጋዘኖች በር የሚታየው ጀርመን ሸፐርድ ዝናው እየሰፋ በመሄዱ፣ ትልቅና አስፈሪ ውሻ ማስገባት የሚመኝ ቤተሰብ በርክቷል። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሆኖም ምርጫው መጀመር የሚገባው ከውሻው መልክና ጉልበት ሳይሆን ከቤቱ ምግብ፣ ከግቢው አጥር፣ በቤቱ ከሚውለው ሰውና በአካባቢው ከሚኖረው አውሬ ነው።

ሁለቱ ውሾች የመጡበት መንገድ የተለያየ ነው። ጀርመን ሸፐርድ የዘር መዝገብ ያለው ዝርያ ነው፤ ይህም ማለት የእያንዳንዱ ውሻ ወላጆች ተመዝግበው፣ ቁመቱ፣ ቅርጹና ጠባዩ በተጻፈ መስፈርት እየተመዘነ፣ ከመስፈርቱ የወጣው እንዳይራባ እየተደረገ የተጠበቀ ዘር ነው። ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1899 የመሠረተው የጀርመኑ የጦር መኮንን ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ ሲሆን፣ መነሻ ያደረገውም የአገሩን በግ ጠባቂ ውሾች ነበር። በዓለም አቀፉ የውሾች ማኅበር መስፈርት መሠረት ወንዱ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ቁመትና ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም ክብደት፣ ሴቷ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ቁመትና ከ22 እስከ 32 ኪሎ ግራም ክብደት ይኖራቸዋል። የሀበሻ ውሻ በአንጻሩ መዝገብም መስፈርትም የለውም፤ ከአፍሪካ ባሴንጂ፣ አዛዋክና ሮዴሺያን ሪጅባክ በዚሁ ማኅበር ዝርዝር ውስጥ ሲገኙ ከኢትዮጵያ የገባ አንድም ዝርያ የለም። ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ውሻ የመንደር ውሻ ይሉታል፤ ሰው አስቦ ያላዳቀለው፣ ረሃብን፣ በሽታንና ብርድን ተቋቁሞ ለመራባት የበቃው ብቻ ዘሩን እያስተላለፈ የቆየ ውሻ ነው። ብዙ ሰው የመንደር ውሻን የፈረንጅ ዝርያዎች ተደበላልቀው የወጡ ተራ ውሻ አድርጎ ቢቆጥረውም፣ በግብፅ፣ በኡጋንዳና በናሚቢያ የመንደር ውሾች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የዘረመል ጥናት፣ በተለይ የኡጋንዳና የግብፅ ውሾች በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያዎች ጋር ያልተቀላቀሉ፣ ከጥንት ጀምሮ በአህጉሩ የኖሩ ውሾች ዘር መሆናቸውን አሳይቷል። የሀበሻን ውሻ ዘር የለሽ ብሎ መናቅ እንግዲህ መሠረት የሌለው ነገር ነው።

የደጋ ቤተሰብ መጀመሪያ ሊያሰላው የሚገባው ምግብን ነው። በኮሶዬ ውሻ የሚበላው ቤተሰቡ ከበላው የተረፈውን እንጀራና ቂጣ፣ አይብ ሲወጣ የሚቀረውን አጓት፣ በግ ሲታረድ ደግሞ አጥንትና ሆድ ዕቃ ሲሆን፣ የጎደለውን ራሱ በየጥራጊው እየዞረ ይሞላል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ስለሚጾም፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ለውሻውም ሥጋና ወተት የለም ማለት ነው። ውሻ በዚህ መኖር የቻለው በተፈጥሮው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ከእህል የሚገኘውን ስታርች የሚፈጨውን አሚሌዝ የተባለ ንጥረ ነገር የሚያዘው ዘረመል በዱር ተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ ይደርሳል፤ ከሰው ጋር በእርሻ አገር ሲኖር እህል ለመብላት ተለውጧል ማለት ነው። ይህ ችሎታ በጀርመን ሸፐርድም ውስጥ አለ፤ ልዩነቱ በመጠን ላይ ነው። እንስሳ የሚፈልገው ጉልበት ከክብደቱ ጋር በእኩል ስለማይጨምር፣ 35 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 16 ኪሎ ከሚመዝነው ከእጥፍ ጥቂት ባነሰ፣ 1.8 ጊዜ ያህል ይበላል። ይህም በጾም ወራት ጭምር በየቀኑ መሟላት አለበት። ከብዛቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ጥራቱ ነው፦ የትልቅ ዝርያ ቡችላ በአንድ ዓመት ውስጥ አጥንቱና ጡንቻው በፍጥነት ስለሚያድግ፣ በቂ ፕሮቲንና የተመጣጠነ ካልሲየምና ፎስፈረስ ካላገኘ እግሩ ይወላገዳል፤ እንጀራና ሽሮ ብቻውን ይህን አያሟላም። በዚህ ላይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ስለሚጎዱ፣ ወጥ የነካው ፍትፍት በየዕለቱ ለማንኛውም ውሻ፣ ለሀበሻም ቢሆን፣ መቅረብ የለበትም። በየቀኑ ለውሻ ተብሎ የሚበስል ገንፎ፣ የአጥንት መረቅና ዕንቁላል ማቅረብ የማይችል ቤት ጀርመን ሸፐርድ ማሳደግ አይገባውም፤ ቡችላው ከነአካል ጉድለቱ ያድጋልና።

ከእርድ ጋር የተያያዘው ጉዳይ ለሁለቱም ውሾች እኩል ስለሆነ በምርጫው ላይ ለውጥ ባያመጣም፣ በደጋው የበግ አገር ችላ ሊባል አይገባም። በግ በየቤቱ ሲታረድ ጭንቅላቱና የተበላሸ ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። በበጉ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ እጢ ከተገኘ፣ ይህ ብዙውን ጊዜ በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ትንሽ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ይህን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩን፣ ውኃውንና የውሻውን ፀጉር ይበክላል፣ ልጆች ውሻውን ዳስሰው እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ ያው እጢ በእነርሱ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ይበቅላል። የበጎችን አንጎል የሚያጠቃውና በደጋ አዙሪት የሚባለው በሽታም በተመሳሳይ መንገድ የሚዛመት ነው፤ በጓ በአንድ ስፍራ እየተሽከረከረች የምትሞተው በአንጎሏ ውስጥ ባደገ የትል እጭ ሲሆን፣ የሞተችው በግ ጭንቅላት ለውሻ ሲሰጥ የትሉ ዑደት ይሟላል። በመሆኑም የራሱን መንጋ ከአዙሪት ለማዳን የሚፈልግ አርሶ አደር፣ የእርድ ተረፈ ምርቱን በደንብ ቀቅሎ ካልሆነ በቀር ለውሻው መስጠት የለበትም፤ ውሻውንም ፕራዚኳንቴል በተባለው የትል መድኃኒት በየጊዜው ማከም ይኖርበታል። አንድ ኪኒን ከአንዲት በግ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እጅግ ትንሽ ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ የሁለቱ ውሾች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በኮሶዬ ውሻ የሚጠበቅበት ሌሊት ጅብና ቀበሮ ሲቀርብ መጮህ፣ ቀን ደግሞ ጭላዳን ከማሳ ማባረር ነው። የሀበሻ ውሻ ይህን የሚሠራው ያለ አሠልጣኝ ነው፤ ድምፅ ሲሰማ ይጮኻል፣ የጎረቤቱ ውሻ ይቀበለዋል፣ በአንድ አፍታ ከጎጥ ጎጥ ይሰማል፤ አውሬው ሲገፋ ግን ወደ ደጃፉ ሸሽቶ ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል። ይህን ሽሽት ፈሪነት አድርገው የሚያዩት አሉ፤ ነገር ግን 50 ኪሎና ከዚያ በላይ በሚመዝን፣ አጥንት በሚሰብር መንጋጋ በሚናከስ ጅብ ፊት ሸሽቶ መጮህ ከመግጠም የተሻለ ነው፤ በገደሉ ዳር የሚያደባው ነብርም ውሻን አዳኝ መሆኑ የታወቀ ነው። ጀርመን ሸፐርድ ለድፍረት ተመርጦ የተራባ በመሆኑ ወደ ፊት የመግጠም ዝንባሌው ያመዝናል፤ ይህም ዝንባሌ የግንብ አጥር ባለው የከተማ ግቢ ሌባን ሲያስፈራ፣ አጥር በሌለው ደጋ ግን ውሻውን ራሱን ለጅብ መንጋ አሳልፎ ይሰጣል። በትግራይ በውቅሮ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዐቢይ ጾም እርድ ሲቆምና የሥጋ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦች አህያ ወደ ማደን ያዘነብላሉ፤ የጾሙ ወራት ለደጋው ውሻም ንቃት የሚጠይቅ ጊዜ መሆኑ ከዚህ ይገመታል።

ጀርመን ሸፐርድ በግ ጠባቂ መሆኑን የሰማ ሰው ለኮሶዬ በጎች ሁነኛ እረኛ ይሆናል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገሩ ግን ሁለት ዓይነት ሥራን መለየት ይጠይቃል። አንደኛው በግን ከአውሬ መከላከል ሲሆን፣ በቱርክ ካንጋል እንደሚባሉት ያሉ ግዙፍ ውሾች ከመንጋው ጋር ተወልደው አብረው እየዋሉ የሚሠሩት ነው። ሁለተኛው መንጋውን ማገድ ነው፤ ጀርመን ሸፐርድ በትውልድ አገሩ የሠራው ይህን ነው፣ አጥር በሌለው የግጦሽ መሬትና በእህል ማሳ መካከል ባለው ድንበር ላይ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ በጎቹ ወደ ሰብሉ እንዳይገቡ ይከለክል ነበር። በኮሶዬ ይህን ሥራ የሚሠሩት ልጆች ናቸውና ውሻው እረኞቹን ሊያግዝ የሚችል ይመስላል፤ ሆኖም ያ ችሎታ በደሙ ያለው እንደ ዝንባሌ ብቻ ነው፣ ልምድ ያለው እረኛ ለብዙ ወራት ካላሠለጠነው በቀር በግን የማሳደድ ፍላጎቱ በግን ወደ መንከስ ይለወጣል። ያልሠለጠነ ጀርመን ሸፐርድ በበግ መካከል መልቀቅ በመንጋው ላይ ጉዳት መጋበዝ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ነገር ቅርበት ነው። በጎንደር ደጋ ውሻ ወደ ቤት አይገባም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይከለከላል፣ ዕቃ ከነካ ዕቃው ይታጠባል፣ ማደሪያውም በደጃፍ ወይም በበረት አጠገብ ነው። የሀበሻ ውሻ በዚህ ርቀት መኖርን ለምዶታል፤ ቤተሰቡን ያውቃል፣ ልጆቹን ተከትሎ እስከ እርሻ ይሄዳል፣ ከዚያ በላይ አይጠይቅም። ጀርመን ሸፐርድ ከአንድ ሰው ጋር ተጣምሮ እንዲሠራ ተመርጦ የተራባ ስለሆነ በየቀኑ አብሮት የሚራመድ፣ የሚያዘውና የሚያሠለጥነው ሰው ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ሌሊት ብቻ የሚለቀቅ ከሆነ መሬት መቆፈር፣ ያለማቋረጥ መጮህ፣ በመጨረሻም የቤተሰቡን እንግዳና ሕፃን መንከስ ይጀምራል። ስኮትና ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሰፊ ሥራ እንዳሳዩት፣ ቡችላ ሰውንና አካባቢውን ያለ ፍርሃት የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በዚህ ጊዜ ተደብቆ ያደገ ትልቅ ውሻ በኋላ ማረም እጅግ ከባድ ነው። የቤቱ እምነትና ልማድ ውሻን ከሰው የሚያርቅ ከሆነ፣ ልማዱን መቀየር አያስፈልግም፤ ለልማዱ የሚስማማውን ውሻ መያዝ ይሻላል።

ስለ ብርዱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የጀርመን ሸፐርድ ድርብ ፀጉር የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ በሚገባ ይቋቋማል፣ የሀበሻ ውሻም አጭር ፀጉር ቢኖረው ከነፋስና ከዝናብ የሚከልለው መጠለያና ደረቅ ጭድ ካገኘ ይበቃዋል። ጤናው ላይ ግን ልዩነት አለ። ጀርመን ሸፐርድ በጠባብ ዘር መካከል በመራባቱ የተነሣ የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት፣ የቆሽት ንጥረ ነገር እጥረትና የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ ይበዙበታል፤ የመጨረሻው በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። በየቀበሌው ያለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዋና ሥራው ከብትና በግ ስለሆነ፣ የኮሶዬ ሰው ለውሻው ሕክምና ሲፈልግ መንገዱ ወደ ጎንደር ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በዚያው መኖሩ ለከተማው ሰው ትልቅ ዕድል ነው።

አጥርም በሕግ ፊት ክብደት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ ያመለጠ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርለትም። በኮሶዬ የሰው መሄጃ በየቤቱ ደጅ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሽማግሌዎችና ደብተራቸውን የያዙ ተማሪዎች በውሻ ፊት ነው የሚያልፉት። የእሾህ አጥር ያለው ቤት 35 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሲይዝ፣ አደጋው የራሱ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚመዝነው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚተላለፈው ከውሻ ነው፤ የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል፣ ከንክሻ በኋላ በወቅቱ የተሰጠ ክትባት ግን ሙሉ በሙሉ ይከላከለዋል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በጎንደር አካባቢ ብዙ ሰው መጀመሪያ ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ይሄዳል፤ ጸበሉ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ማንም ሊከለክለው አይገባም፣ ክትባቱ ግን አንድ ቀንም መዘግየት የለበትም፤ ሁለቱን አብሮ ማድረግ የሚከለክል ነገርም የለም። ውሻው የመጀመሪያውን ክትባት በሦስት ወር ዕድሜው፣ ሁለተኛውን ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ሊወስድ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ በብዙ ከተሞች የተለመደው ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ የመፍጀት ሥራ ግን ይህን አያመጣም፣ የተከተበውን ካልተከተበው ሳይለይ ስለሚገድል በሟቾቹ ቦታ ያልተከተቡ ይተካሉና።

ከኮሶዬ ወደ ሰሜን ሲኬድ ጉዳዩ የቤተሰብ ብቻ መሆኑ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት በመላ አገሪቱ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ቀይ ቀበሮን በቅርብ የሚያሰጋው ጥይት ሳይሆን የውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 የተነሣ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገድሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው፣ ሳንባን፣ አንጀትንና አንጎልን የሚያጠቃው የውሾች ቫይረስ እዚያው ብዙዎችን ፈጅቷል። በሽታው የሚሻገረው ከገበሬው ጋር ወደ ተራራው በሚወጣ ያልተከተበ ውሻ ነው፤ በባሌ ወንድ ውሻ ከሴት ቀይ ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ ክልስ መወለዱም በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። ስለዚህ በዚህ ደጋ ውሻ የሚይዝ ሰው፣ የሀበሻም ይሁን የፈረንጅ፣ ማስከተቡና ከቤት እንዳይርቅ ማድረጉ ለጎረቤቱ ልጅም በዓለም በሌላ ስፍራ ለማይገኘው እንስሳም የሚከፍለው ዕዳ ነው።

እነዚህ ነገሮች ተደምረው ሲታዩ፣ በኮሶዬና በዙሪያዋ ላለው አርሶ አደር ቤት የሚስማማው የተከተበና በትል መድኃኒት የታከመ የሀበሻ ውሻ ነው፤ ጀርመን ሸፐርድ የሚስማማው በጎንደር ከተማ ወይም በመንገድ ዳር ባሉ ማረፊያዎች፣ የግንብ አጥር፣ በየቀኑ የሚመደብ ምግብ፣ ሐኪም የሚደርስበት ቅርበትና ውሻውን የሚያሠለጥን አንድ የተወሰነ ሰው ላለው ቤት ብቻ ነው። በገበያ ጀርመን እየተባለ የሚሸጠው ብዙው ክልስ ሲሆን፣ ክልስ መሆኑ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ገዢው ግን ወላጆቹን ሳያይ ቡችላ መግዛት የለበትም፣ እናቲቱ ከፈራች ወይም በኋላ እግሯ ካነከሰች ቡችላውን መተው ይሻላል። የሀበሻ ቡችላ ሲመረጥም እንዲሁ ነው፦ ከእናቱ ጡት ከ8 ሳምንት በፊት የተነጠለውን አለመቀበል፣ እጅ ሲዘረጋለት የሚሸሸውንም በደረቱ የሚገፋውንም ትቶ ቀስ ብሎ ቀርቦ የሚያሸተውን መውሰድ። ሴት ቡችላን መጣል በደጋው የተለመደ ቢሆንም፣ ሴቷ ከወንዱ ባላነሰ ትጠብቃለች፣ ከቤትም ብዙ አትርቅም፤ ቡችሎቿን ማሳደግ የማይፈልግ ቤተሰብ ጎንደር ወስዶ ማስመከን ይችላል፣ በዚያው ጉዞ የእብድ ውሻንና የዲስቴምፐርን ክትባት አብራ ትወስዳለች።